ወደ ኤንጂ911 መሸጋገር፦ ከስልኩ ይጀመራል ወይስ ከካርታው?

አዲስ_ገቢ፦

ሰላም ለመድረኩ። አሜሪካ ውስጥ ባለ 8 ወንበር የ911 ጥሪ ማዕከል ያለው አንድ መካከለኛ ካውንቲ እንውሰድ። ዛሬ የሚሠራው በአሮጌው የ911 አሠራር፣ በኢ911 ነው፤ የሚታሰበው በኢንተርኔት ዓይነት ኔትወርክ (አይፒ) ወደሚሠራው አዲሱ ኤንጂ911 መሸጋገር ነው። ጥሪው ወደየማዕከሉ በሚያከፋፍለው ማሽን (ሴሌክቲቭ ራውተር) አልፎ በድሮው የስልክ መስመር (ካማ ትራንክ) ይገባል፣ አድራሻው ደግሞ ቁጥርን ከአድራሻ ጋር ከሚያዛምደው መዝገብ (አሊ ዳታቤዝ) ይመጣል። ስቴቱ ለኤንጂ911 የሚሆነውን የአደጋ ጥሪ ኔትወርክ፣ ኢኤስአይኔቱን፣ ዘርግቷል፤ ካውንቲው የሚገባበትን ጊዜ ማቀድ አለበት። በረቂቁ በጀት ላይ አንደኛ ተራ የያዘው አዲሱ የጥሪ መቀበያ ሲስተም ነው። ጂአይኤስ (የዲጂታል ካርታው ሥራ) የሚለው መጨረሻ ላይ በአንድ መስመር ተጽፏል። ይህ አካሄድ ያዋጣል? ስንት ወር ይያዝለት? ያልታሰበ ወጪስ የሚመጣው ከየት ነው?

ካርታው፦

አያዋጣም። መጨረሻ የተጻፈችው መስመር ናት መጀመሪያ መምጣት ያለባት።

በአሮጌው አሠራር ጥሪን የሚመራው የስልክ ቁጥር ነው። ሴሌክቲቭ ራውተሩ የደዋዩን ቁጥር ያያል፣ በሠንጠረዡ ላይ ለቁጥሩ የተሰጠውን የአገልግሎት ክልል ኮድ (ኢኤስኤን) ይፈልጋል፣ ወደዚያው ማዕከል ይልከዋል። አድራሻው ቀደም ብሎ የተጣራው በኤምሳግ ነው። ኤምሳግ "የዚህ መንገድ የቤት ቁጥር ከዚህ እስከዚህ" የሚል ዝርዝር ነው እንጂ ካርታ አይደለም። ካርታው ጥሪ ተቀብሎ ርዳታ በሚልከው ዲስፓቸር ፊት ተከፍቶ ይቀመጣል፤ ቢሳሳት እንኳ ጥሪውን ወደ ሌላ ቦታ አይወስደውም።

በኤንጂ911 ጥሪው ቦታውን ይዞ ይመጣል። ኢኤስአርፒ የሚባለው መሪ ያንን ቦታ ኢሲአርኤፍ ለሚባለው የወሰን መጠየቂያ ሰርቨር ሰጥቶ "ይህ የማን ክልል ነው?" ብሎ ይጠይቃል። ኢሲአርኤፍ ካርታው ላይ ባለው ወሰን መሠረት ይመልሳል። በሁለት ወሰኖች መካከል ክፍተት ካለ እዚያ የወደቀ ደዋይ ባለቤት የለውም፤ ጥሪው "ሌላ ካልተገኘ ወደዚህ" ተብሎ ወደተቀመጠው ማዕከል ይሄዳል። ወሰኖቹ ከተደራረቡ ደግሞ ለአንድ ቦታ ሁለት ባለቤት ይመጣል።

ዲሲ አካባቢ ያላችሁ ኢስተርን አቬኑን ታውቁታላችሁ፤ ወዲህ ዲሲ፣ ወዲያ ሜሪላንድ። እንዲህ ያለ መንገድ ካርታው ላይ አንድ መስመር ነው፤ ግን ግራና ቀኙ ላይ የተለያየ ስቴት፣ የተለያየ የጥሪ ማዕከልና የተለያየ የቤት ቁጥር ይጻፍበታል። አንድ ሰው ሲያርም መስመሩን ቢገለብጠውና የግራና የቀኙን መረጃ ሳይገለብጥ ቢቀር የግራው ቤት ሁሉ ቀኝ ይሆናል። ስክሪን ላይ ምንም አይታይም፣ መንገዱ ያው መንገድ ነው። ስሕተቱ የሚታወቀው ጥሪ ወደ ጎረቤት ሲሄድ ነው።

ወደ ቁጥሩ ልምጣ። የአሜሪካ የ911 ባለሙያዎች ማኅበር (ኔና) መመሪያ ከሽግግሩ በፊት የአሊ መዝገቡ ከመንገዱ መስመር ጋር ቢያንስ 98 ከመቶ እንዲገጥም ይላል። 98 ሲባል አፍ ይሞላል፤ 60,000 መዝገብ ላለው ካውንቲ ግን 1,200 አድራሻ ካርታው ላይ አልተገኘም ማለት ነው። ደግነቱ አብዛኛው ስሕተት ከጥቂት ምክንያት ነው የሚወለደው። ጎዶሎና ሙሉ የቤት ቁጥር በተሳሳተ ጎን ተጽፏል፣ "ኖርዝ" አንድ ቦታ በሙሉ ሌላ ቦታ በአንድ ፊደል ተጽፏል፣ ፖስታ ቤት የሚጠራው የከተማ ስም ከኤምሳጉ ስም ይለያል፣ ወይም አዲስ የተሠራው ሰፈር ገና አልተሳለም። በምክንያት በምክንያት ለይታችሁ ካረማችሁ አንዱን ስትነኩ መቶው አብሮ ይስተካከላል። ከዝርዝሩ አናት ጀምሮ አንድ በአንድ መውረድ ግን ወራት ይበላል።

ከጎረቤት ካውንቲ ጋር ያለው ወሰን ለብቻው የሚታይ ነው። እናንተም እነሱም አንድ ዓይነት መስመር ላይ ተፈራርማችሁ ነጥቦቹ በትክክል እንዲጋጠሙ አድርጉ። ሁለቱም ወገን "የኛ ትክክል ነው" ብሎ የራሱን ካስገባ ክፍተቱና መደራረቡ እዚያው ይፈጠራል። ዳታው ወደ ሲስተሙ የሚገባው ደብልዩጂኤስ84 በሚባለው የጂፒኤስ ልኬት ነው፤ ከስቴቱ የአገር ውስጥ ልኬት ስትለውጡ ወሰኑ አንድ ሁለት ሜትር ተንሸራቶ እንደሆነ አጣሩ። ለዚህ ሁሉ ከመቀየሪያው ቀን በፊት ከ18 እስከ 24 ወር ያዙ።

የሌሊት_ፈረቃ፦

ወንድም ካርታው፣ ካርታው ይቅደም ባልከው እስማማለሁ። ግን ወንበሩ ላይ የምትቀመጠውን ሰው ረሳችኋት። "የጥሪ መቀበያ ሲስተም ይገዛል" ሲባል ከሱ ጋር የተሳሰረው ሁሉ አብሮ ይነካል፤ ያልታሰበው ወጪ እዚህ ነው።

አንደኛ መቅጃው። ድሮ ድምፁን የሚወስደው ከየወንበሩ በተጎተተ ሽቦ ነበር፤ በአዲሱ ሲፕሬክ በሚባለው የኔትወርክ ዘዴ መቀበል አለበት። ያለው መቅጃ ይህን የማይችል ከሆነ ፈቃድ መግዛት ብቻ አይበቃም፣ ማሽኑ ራሱ ይለወጣል።

ሁለተኛ ካዱ፣ ማለትም ጉዳዩ ተመዝግቦ መኪና የሚላክበት ሶፍትዌር። ብዙ ማዕከል ውስጥ የአሊ መረጃ ወደ ካድ የሚገባው በድሮው ሲሪያል ገመድ ነው። ካዱም ጽሑፉን የሚያነበው በቦታ ነው፤ ከዚህ ፊደል እስከዚህ ፊደል የመንገድ ስም፣ ከዚያ የከተማ ስም እያለ። አዲሱ ሲስተም የሚልከው ኤክስኤምኤል ነው፣ እያንዳንዱ መረጃ ስሙ ተጽፎበት የሚመጣ። መሐል ላይ አስተርጓሚ ሶፍትዌር ተገዝቶ ወደ ድሮው ቅርጽ ቢለወጥ ይሠራል፣ ግን ረጅም ስም ይቆረጣል፣ የአፓርታማ ቁጥሩም የሌላ ነገር ሳጥን ውስጥ ይገባል። የካዱ ሻጭ ይህን በነፃ አይሠራውም፤ ዋጋውን ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ።

ሦስተኛ ሰዓት። ስልኩ፣ ካዱ፣ መቅጃውና ሬዲዮው ከአንድ የሰዓት ምንጭ ካልተስተካከሉ ፍርድ ቤት የተጠየቀ ቅጂ ላይ አምቡላንሱ ከጥሪው በፊት የወጣ ይመስላል።

አራተኛ ከፍታ። የአሜሪካ የመገናኛ ኮሚሽን (ኤፍሲሲ) ደንብ የሞባይል ጥሪ ከፍታ ለ80 ከመቶው ጥሪ ከ3 ሜትር በማይበልጥ ልዩነት እንዲታወቅ ይጠይቃል። የሚመጣው ግን ፎቅ ቁጥር አይደለም፣ ሜትር ነው፤ እሱም ከባሕር ጠለል ሳይሆን ጂፒኤስ ከሚጠቀምበት የመሬት ቅርጽ ስሌት (ኤሊፕሶይድ) የተለካ። ዲሲ አካባቢ የሁለቱ ልዩነት ከ30 ሜትር በላይ ነው። ፖቶማክ ዳር ምድር ቤት ቆሞ የሚደውል ሰው ከዜሮ በታች ሆኖ ሊታይ ይችላል! ሥልጠና ላይ ይህ ካልተነገረ ዲስፓቸሯ "ሲስተሙ ተበላሽቷል" ብላ ቁጥሩን ማየት ትተዋለች። ወደ ፎቅ የሚቀይር የካርታ ሶፍትዌር ካልተገዛ መረጃው አለ ማለት ዘበት ነው።

አዲስ_ገቢ፦

እግዜር ይስጥልኝ ለሁለታችሁም። የኔትወርኩን ነገር የሚያብራራልኝ? ለ8 ወንበር ምን ያህል ስፋት ያለው መስመር ይበቃል?

መስመር_ዘርጊ፦

ስፋቱ አያስጨንቅህ ልጄ። በተለመደው የድምፅ ቅርጽ (ጂ711) አንድ ጥሪ በሰከንድ 64 ኪሎቢት ነው፣ የፓኬት ሽፋኑ ሲጨመር ወደ 87 ይደርሳል። በአንድ ጊዜ 12 ጥሪ ቢመጣ በየአቅጣጫው ከ1 ሜጋቢት ብዙም አያልፍም። ለጽሑፍ፣ ለምስልና ለካርታ ማደሻ ጨምረህ ያዝ።

ዋናው ጉዳይ መንገዱ ነው። ከሁለት ድርጅት ሁለት መስመር ተከራይተህ ሁለቱም አንድ ቱቦ ውስጥ ገብተው በአንድ ግድግዳ ከመጡ የያዝከው ሁለት ደረሰኝ እንጂ ሁለት መንገድ አይደለም። የመስመሩን የመሬት ካርታ በውሉ ላይ ጠይቅ፤ በዓመት አንዴም አስመርምር፣ ምክንያቱም ድርጅቶቹ ሳይነግሩህ መስመር ያዛውራሉ። በኤፕሪል 2024 ነብራስካ፣ ኔቫዳና ሳውዝ ዳኮታ ውስጥ 911 ለሰዓታት የተቋረጠው የመብራት ምሰሶ ሲተከል ፋይበር ስለተቆረጠ ነው። ምሰሶ ተከላ እኮ ነው! አንድ ጉድጓድ ይህን ማድረግ የለበትም ነበር።

ጥሪን በአይፒ በሚያቋቁመው ቋንቋ፣ በሲፕ ላይ ደግሞ ሁሉም የሚወድቅባት አንዲት ጉድጓድ አለች። የተለመደው የቢሮ ስልክ ዩዲፒ በሚባለው፣ መድረሱን በማያረጋግጥ መጓጓዣ ይሠራል፤ የኤንጂ911 ጥሪ ግን ቦታውን ፒአይዲኤፍ-ሎ በሚባል የቦታ ሰነድ ተሸክሞ ስለሚመጣ መልእክቱ ይወፍራል። የሲፕ መሠረታዊ ደንብ፣ አርኤፍሲ 3261፣ የመንገዱ መጠን ካልታወቀ ከ1300 ባይት የበለጠ መልእክት እንደ ቲሲፒ ባለ፣ መድረሱን በሚያረጋግጥ መጓጓዣ ይሂድ ይላል። ያንን የዘነጋ ሰው ቤተ ሙከራ ውስጥ አጭር አድራሻ ይዞ ይሞክራል፣ ይሠራል። ሥራ ላይ ሲውል ረጅም አድራሻ ያለው ጥሪ ይመጣል፣ ፓኬቱ ይከፈላል፣ ፋየርዎሉ ሁለተኛውን ቁራጭ ይጥላል። አጭር አድራሻ ያለው ጥሪ ይገባል፣ ረጅሙ አይገባም። ሰው ቀን ሙሉ ሲፈልገው ይውላል። ከመጀመሪያው በቲሲፒ፣ ከተቻለም በሚመሰጥረው በቲኤልኤስ አድርጉት። ፋየርዎሉ ላይ ሲፕን "አግዛለሁ" ብላ መልእክቱን የምትነካካ አማራጭ አለች፤ እሷን አጥፉ።

ቲኤልኤስ ስትሉ የማሽኑን ማንነት የሚያረጋግጥ ሰርተፊኬት አለ፤ ሰርተፊኬት የሚያልፍበት ቀን አለው። በተወለደበት ቀን የሚሞትበት ተጽፎበታል እንደሚባለው ነው። የሚያልፍበትን ቀን አንድ ሠራተኛ ካላንደር ላይ ብቻ አትተዉት፤ ሠራተኛው ሥራ ይቀይራል። ከ90፣ ከ30 እና ከ7 ቀን በፊት ማንቂያ ለቡድኑ ይላክ።

ውል_አንባቢ፦

ጋሽ መስመር ዘርጊ የነገሩን ላይ የደንቡንና የብሩን ወገን ልጨምር።

ኤፍሲሲ በጁላይ 2024 ባጸደቀው ደንብ ሽግግሩን በሁለት ምዕራፍ ከፍሎታል። በመጀመሪያው ምዕራፍ የስልክ ድርጅቶች የ911 ጥሪን በሲፕ፣ በአይፒ አድርገው የካውንቲው ወይም የስቴቱ 911 ባለሥልጣን በመረጠው ነጥብ ላይ ያስረክባሉ። በሁለተኛው ቦታው ጥሪው ውስጥ ተካትቶ፣ ተቀባይነት ባለው ደረጃ መሠረት ይመጣል። ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረው ባለሥልጣኑ ዝግጁ መሆኑን አረጋግጦ ጥያቄውን በጽሑፍ ሲያቀርብ ነው። አገር አቀፍ የሞባይል ድርጅቶች፣ የኢንተርኔት ስልክ (ቪኦአይፒ) ሰጪዎችና ገጠር ያልሆኑ የመስመር ስልክ ድርጅቶች 6 ወር ይሰጣቸዋል፤ የገጠር የመስመር ስልክ ድርጅቶችና አነስተኛ የሞባይል ድርጅቶች 12 ወር። ይህ የ6 ወር ልዩነት በጀታችሁ ላይ ይታያል፤ የመጨረሻው አነስተኛ ድርጅት እስኪገባ አሮጌው ሴሌክቲቭ ራውተር ሊጠፋ አይችልም፣ የሁለቱም ወርሃዊ ክፍያ ይቀጥላል። ድርብ ክፍያው ቢያንስ ለ12 ወር ይያዝ፤ እኔን ብትጠይቁኝ 18።

ወጪውን ማን ይሸከም የሚለውም ተቆርጧል። ስቴቱ ሌላ ስምምነት ከሌለው በቀር እስከ ማስረከቢያው ነጥብ ያለው የስልክ ድርጅቱ ነው፣ ከዚያ ወዲህ ያለው የባለሥልጣኑ። ስለዚህ "ወደ ሲፕ የመቀየሪያ ክፍያ" የሚል ደረሰኝ ከስልክ ድርጅት ቢመጣ ዝም ብላችሁ አትክፈሉ፤ ነጥቡ የት እንደሆነ አመልክታችሁ መልሱት።

ስለ ጌትዌይም አንድ ነገር። ሽግግር ላይ ሦስት ዓይነት ድልድይ አለ። አሮጌ የስልክ ድርጅትን ወደ አዲሱ የሚያስገባ፣ አሮጌውን ሴሌክቲቭ ራውተር ከአዲሱ ጋር የሚያገናኝ፣ እንዲሁም አዲሱን ጥሪ ወደ አሮጌ ማዕከል የሚያወርድ። ሦስቱም ጊዜያዊ ናቸው ተብሎ ይገዛሉ፤ ውሉ ላይ የማብቂያ ቀን ካልተጻፈ ግን ጊዜያዊው ቋሚ ይሆናል። ጥሪው በድልድይ ወደ አሮጌው ወገን ሲያልፍ የተሸከመው መረጃ ይራገፍና በአሥር አኃዝ ቁልፍ ይተካል፤ ወዲያ ማዶ ያለችው ዲስፓቸር በዚያ ቁልፍ እንደገና መጠየቅ አለባት። "ኤንጂ911 ገብተናል" የሚሉ ማዕከሎችን ጠጋ ብላችሁ ካያችኋቸው ብዙዎቹ እዚህ ድልድይ ላይ ናቸው።

ሻጩ "99.9 ከመቶ አስተማማኝ" ካላችሁ ደግሞ አስሉት፤ በዓመት 8 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ገደማ መቋረጥ ነው። አምስቱ ዘጠኝ፣ ማለትም 99.999፣ ከ5 ደቂቃ ትንሽ ያልፋል። የታቀደ ጥገና ከዚህ ሂሳብ ውጭ ነው የሚል ሐረግ በትንሽ ፊደል እንዳለም ፈልጉ።

አዲስ_ገቢ፦

ወንበሮቹ ሁሉ ከተያዙ ጥሪው ወደ ጎረቤት ማዕከል ይፍሰስ የሚል ሕግ ማስገባት ይቻላል ተብሎ ተነግሮኛል። በስምምነት እኛ ወደነሱ፣ እነሱ ወደኛ ብናደርገው ምን ይላል?

መስመር_ዘርጊ፦

ልክ እንደዚያ አድርገህ አትጻፈው! ትልቅ ማዕበል ሲመጣ ሁለታችሁም አንድ ላይ ነው የምትሞሉት። የናንተ ወደነሱ ይፈሳል፣ የነሱ ሞልቷልና ወደናንተ ይመልሳል፣ ጥሪው እንደ ኳስ ይንከባለላል። ሲፕ ለዚህ ገደብ አለው፤ መቁጠሪያው ከ70 ተነስቶ ይቀንሳል፣ ዜሮ ሲደርስ "በዝቷል" ብሎ ይቆርጣል። ደዋዩ ግን እስከዚያ ጠብቋል፣ መጨረሻውም መቆረጥ ነው። ሕጉ እንዲህ ይሁን፦ አንዴ የፈሰሰ ጥሪ ሁለተኛ አይፍሰስ፣ የተቀበለው ማዕከል ሰልፉ ላይ ያቆየው፣ ሦስተኛ ደግሞ ራቅ ያለ፣ በአንድ ማዕበል የማይመታ ማዕከል ይኑር።

ስለ መቀያየሪያ ስናወራ የኤፕሪል 2014ን ነገር ማንም ዕቅድ አውጪ ማወቅ አለበት። ኮሎራዶ፣ ኢንግልውድ ያለ አንድ የ911 መምሪያ ጣቢያ ለእያንዳንዱ ጥሪ ተራ ቁጥር ይሰጥ ነበር። ቆጣሪው ላይ 40 ሚሊዮን የሚል ጣሪያ ነበረበት። ቆጣሪው ሲሞላ ሶፍትዌሩ ቁጥር መስጠት አቆመ፣ ጥሪዎቹም መሄጃ አጡ። በ7 ስቴት 81 የጥሪ ማዕከሎች ተነኩ፣ እስከ 6 ሰዓት ቆየ፣ ከ6,600 በላይ ጥሪ አልደረሰም። ማያሚ ላይ ሌላ ሙሉ ጣቢያ ቆሞ ነበር፤ ግን ኢንግልውድ "ሞቻለሁ" ስላላለ ማያሚ አልተነሳም። ማሽኑ በርቷል፣ ኔትወርኩ ደህና ነው፣ ማዕበል የለም። የማይሠራው ጥሪው ብቻ ነበር።

ከዚህ የሚወጣው ሥራ ይህ ነው። መጠባበቂያው እንዲነሳ የሚያደርገው ምልክት "ማሽኑ በርቷል ወይ" ሳይሆን "ባለፉት ደቂቃዎች ስንት ጥሪ ደርሶ ስንት ተመለሰ" መሆን አለበት። መጠባበቂያውን ለመፈተሽም ገመድ መንቀል ብቻውን አይበቃም፤ ዋናው በሕይወት እያለ ሥራ እንዲያቆም አድርጋችሁ ሞክሩት።

ጄነሬተሩንም እንደዚያው። በጁን 29፣ 2012 ማዕበል ሰሜን ቨርጂኒያ ላይ አርሊንግተንና ፌርፋክስ ባሉ የስልክ ቢሮዎች ጄነሬተር ሳይነሳ ቀርቶ የ911 አገልግሎት ወድቋል። ከዚያ በኋላ ነው ኤፍሲሲ ሴሌክቲቭ ራውተር ያለበት ቢሮ ለ72 ሰዓት፣ ማዕከሎችን በቀጥታ የሚያገለግል ሌላ ቢሮ ደግሞ ለ24 ሰዓት የመጠባበቂያ ኃይል ይኑረው የሚል ደንብ ያወጣው። ሙከራው ባዶውን ማስነሳት አይደለም፤ ሙሉ ጭነት ተሸክሞ ይሂድ።

የሌሊት_ፈረቃ፦

የኛን ሰው የሚነካ አንድ ነገር ላንሳ፣ ቋንቋ። ዛሬ አማርኛ ተናጋሪ ሲደውል ዲስፓቸሯ ቋንቋውን መለየት፣ አስተርጓሚ መጥራትና ሦስተኛ መስመር መክፈት አለባት። ደዋዩ "አምሃሪክ" የምትለዋን አንዲት ቃል ቢል ይፈጥናል፤ "ኢትዮጵያን" ካለ ገና ጥያቄ ይከተላል።

በአዲሱ አሠራር ስልኩ ራሱ የቋንቋ ምርጫውን ከጥሪው ጋር ሊልክ ይችላል። አርኤፍሲ 8373 ለዚህ የወጣ ነው። ማዕከሉም "የአማርኛ ምልክት ካለ አስተርጓሚውን ከመጀመሪያው አገናኝ" የሚል ሕግ መጻፍ ይችላል። ግን ሁለቱም ወገን ካልደገፈው የሞተ ፊደል ነው። ግዢው ላይ ሻጩን "ይህን ታነባላችሁ? ሰልፍ ለመምረጥስ ትጠቀሙበታላችሁ?" ብላችሁ በጽሑፍ አስመልሱ። ዲሲ ውስጥ የ2004ቱ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ስላለ እዚያ ጥያቄው የምርጫ ጉዳይ አይደለም።

የጽሑፍ መልእክት ላይ ደግሞ የባሰ አለ። አንዳንድ ማዕከል ወደ 911 የሚላከውን ጽሑፍ የሚቀበለው በድሮው የመስማት የተሳናቸው ማሽን፣ በቲቲዋይ በኩል ነው። ቲቲዋይ የሚያውቀው የላቲን ትልቁን ፊደል፣ ቁጥርና ጥቂት ምልክት ብቻ ነው። በግዕዝ ፊደል የተጻፈ "እርዱኝ" እዚያ ጋ ሲደርስ የለም ወይም ጥያቄ ምልክት ሆኗል። መንገድ ላይም ዋጋ አለው፤ የላቲን ጽሑፍ በአንድ ኤስኤምኤስ 160 ፊደል ሲሆን ፊደላችን 70 ብቻ ነው፣ ስለዚህ አንድ መልእክት ለሁለትና ለሦስት ይከፈላል። አዲሱ ሲስተም ዩኒኮድ ስለሚቀበል ይህ ይፈታል፤ ግን ካዱና መቅጃው ውስጥ ያለው ፎንትም ማሳየት አለበት። መፈተሻ ዝርዝራችሁ ላይ አንድ የአማርኛ መልእክት ጨምሩ፣ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ከአዲስ_አበባ፦

እየተከታተልኩ ነው፣ ደስ ይላል። እኛ ጋ ፖሊስ 991፣ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ እሳት አደጋ 939 እየተባለ በየብቻው ነው። የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር እንደናንተ በማይገኝበት ከተማ ይህ ሁሉ የካርታ ሥራ ይሠራል?

ካርታው፦

እንዲያውም ሸክሙ ይቀላል። ኢሲአርኤፍ አድራሻ የግድ አይፈልግም፤ ከስልኩ የመጣ ነጥብ ካለ የሚያየው ነጥቡ የየትኛው ወሰን ውስጥ እንደወደቀ ብቻ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚያስፈልገው የክፍለ ከተማና የወረዳ ወሰን፣ በላዩ ላይ እያንዳንዱ የእሳትና የአምቡላንስ ጣቢያ የሚሸፍነው ክልል ነው። ሦስቱ ቁጥሮች አንድ ካርታ ላይ መሥራት ይችላሉ፤ ቁጥሩን አንድ ማድረግ ቅድመ ሁኔታ አይደለም።

ሴሌክቲቭ ራውተር፣ አሊ፣ ካማ የሚባለውን መንገድ ያልሄደ አገር ሊዘለው ይችላል። ከባዱ የሚሆነው ነጥቡ ከታወቀ በኋላ አምቡላንሱን በር ላይ ማድረስ ነው። ለዚያ ሰው የሚጠራቸውን ቦታዎች፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ መስጊዱን፣ አደባባዩን፣ ማደያውን፣ ኮንዶሚኒየሙን ከነብሎክ ቁጥሩ እንደ ነጥብ መመዝገብ ነው፤ አንድ ቦታ ሦስት ስም ካለውም ሦስቱንም። "ከማደያው ዝቅ ብሎ" የሚል ደዋይ እንዲገኝ ማደያው ካርታው ላይ መኖር አለበት።

አዲስ_ገቢ፦

የመጨረሻ ጥያቄ። የመቀየሪያው ቀን እንዴት ይደራጅ?

መስመር_ዘርጊ፦

ማክሰኞ ወይም ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት። (በኛ አቆጣጠር ነው፤ በነሱ 10 ሰዓት። ሻጩ ጋ ስትጽፉ እንዳትሳሳቱ።) ሌሊት ጥሪ ይቀንሳል ብሎ ሌሊት የሚያደርግ አለ፤ ችግር ሲመጣ ግን የስልክ ድርጅቱ መሐንዲስ ተኝቷል። ዓርብ አይሞከርም፣ ማዕበል የተተነበየበት ሳምንትም እንዲሁ።

ሁሉንም በአንዴ አታዙሩ። መጀመሪያ ትንሽ ጥሪ ያለውን አንድ ድርጅት፣ ከዚያ 48 ሰዓት ጠብቃችሁ ቀጣዩን። የአሮጌው ትራንክ እስከ 30 ቀን አይነቀል። የመመለሻው ውሳኔ በማን፣ በምን ምልክት፣ በስንት ደቂቃ እንደሚሰጥ አስቀድሞ ይጻፍ፤ "ሁለት ጥሪ በተከታታይ ድምፅ ካጣ ይመለሳል" ዓይነት። በዚያ ሳምንት ፋየርዎል የሚነካ ሰው ሥራውን ሲጨርስ ሌላ ሰው ይፈትሽለት። በማርች 2018 የባልቲሞር ካድ ላይ ጥቃት የገባው ለጥገና ሲባል ፋየርዎል ላይ በተከፈተ ቀዳዳ ነው።

የሌሊት_ፈረቃ፦

ከወንበሩ ወገን የሙከራ ጥሪው ዝርዝር ይህ ነው። ከእያንዳንዱ የሞባይል ድርጅት አንድ ከካውንቲው መሐል፣ አንድ ከወሰኑ በ200 ሜትር ውስጥ። የወሰኑ ጥሪ ምክንያት አለው፤ ኤፍሲሲ በጃንዋሪ 2024 ያወጣው ደንብ የሞባይል ጥሪ በማማው ሳይሆን በስልኩ ቦታ እንዲመራ የሚጠይቀው ቦታው በ165 ሜትር ውስጥ፣ በ90 ከመቶ እርግጠኝነት ከታወቀ ነው። ካልታወቀ አሁንም በማማው ይመራል፤ ወንዝ ማዶ ያለ ማማ ያነሳው ጥሪም ወዲያው ማዶ ይቀራል። ሁለቱንም ዓይነት ማየት አለባችሁ።

ቀጥሎ የቤት ስልክ፣ ቪኦአይፒ፣ ጽሑፍ፣ ቲቲዋይ። ከዚያ ሆቴልና ትምህርት ቤት፤ ከክፍል ስልክ 9 ሳይጫን 911 ብቻ ተደውሎ መግባት አለበት፣ ከፌብሩዋሪ 2020 ወዲህ ለተሸጡና ለተተከሉ ሲስተሞች ሕጉ ያዛል። የሚመጣው አድራሻም የክፍሉ እንጂ የእንግዳ መቀበያው አይሁን። ተነስቶ ወዲያው የተዘጋ ጥሪ፣ መልሶ መደወል፣ ወደ እያንዳንዱ ጎረቤት ማስተላለፍ። ማስተላለፉን ከወዲህ ወደዚያ ብቻ ሞክረው የሚያበቁ ብዙ ናቸው፤ ከዚያ ወደዚህም ሞክሩ፣ ድልድዩ ላይ መረጃው የሚጠፋው ብዙ ጊዜ በአንድ አቅጣጫ ነው።

ለእያንዳንዱ ጥሪ አምስት ነገር ይጻፍ፦ ድምፁ በሁለቱም ወገን ተሰማ? ቁጥሩ ትክክል ነው? ቦታው ካርታው ላይ የት ወደቀ? ካዱ ውስጥ ምን ተጻፈ? መቅጃው ላይ አለ? አምስተኛውን ጥሪው እንዳለቀ አረጋግጡ፣ ለማታ አታሳድሩት።

አዲስ_ገቢ፦

ረቂቁን እንደገና እጽፋለሁ። ጂአይኤሱ ወደ ላይ ወጣ፣ መቅጃውና የካዱ ማገናኛ ለየብቻ መስመር አገኙ፣ ድርብ ክፍያው 18 ወር።

ካርታው፦

የጎረቤቶቹን የወሰን ስምምነትም ጨምር። ፊርማው ከካርታው በላይ ነው የሚዘገየው፤ ደብዳቤውን በዚህ ሳምንት ላክ።